እንዳይሽር የሚፈለግ ቁስል

ኤድጋር ዳቪድስ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ግቡም ታክሉም አይደለም፤ መነጽሩ ነው። የሆላንዱና የዩቨንቱሱ አማካይ ያን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር የተጠፈረ መነጽር አድርጎ ሜዳውን ሲያምሰው ያየ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፋሽን ነው?» ማለቱ አልቀረም። ነገሩ ግን የፋሽን አልነበረም። ዳቪድስ በ1999 በቀኝ ዓይኑ ግላኮማ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። መነጽሩ ያን ዓይን ከተቃራኒ ተጫዋች ክርንና ከኳስ የሚጠብቅ ጋሻ ነበር።

ዛሬ የተነሣነው ስለ ኳስ ልናወራ አይደለም። ስለዚያ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪም ሌላውን የሰውነት ክፍል ሲቀድ ዋና ጭንቀቱ ቁስሉ ቶሎ ገጥሞ እንዲሽር ነው። የግላኮማ ሐኪም ጭንቀት ተቃራኒው ነው፤ የቀደደው ቀዳዳ እንዳይደፈን፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እንዳይሽር ይታገላል። ይህ ትግል ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በመካከሉ በርሊን አለች፣ ማድራስ አለች፣ ካምብሪጅ አለች፣ ኬፕታውን አለች። የአፍሪካ ባቄላም አለበት። መጨረሻው ደግሞ እኛው ሰፈር ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዓይናችን ሮቶ

ታሪኩን ለመከተል አንድ ነገር መረዳት ይበቃል። በዓይናችን የፊት ክፍል ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል። እንባ አይደለም፤ እንባ ውጭ ነው፣ ይሄኛው ውስጥ ነው። በየደቂቃው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር ገደማ ይመረታል። (አንድ ማይክሮ ሊትር የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ ነው።) ፈሳሹ የሚመነጨው የዓይናችንን ቀለም ከሚሰጠው አይሪስ ኋላ ነው። ከዚያ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፍና አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ማዕዘን ባለ ወንፊት መሰል ሥጋ ተጣርቶ ይወጣል። ከወንፊቱ ኋላ ያለው ቀጭን ቦይ እስከ ዛሬ የሚጠራው በ1830 በገለጸው በጀርመናዊው አናቶሚስት በፍሪድሪክ ሽሌም ስም ነው።

እንግዲህ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ አስቡ። ውኃ ይገባል፣ ውኃ ይወጣል። መግቢያው እንደተከፈተ መውጫው ቢደፈንስ? ሮቶው ቢያንስ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ጎረቤት ይጮኻል፣ እናውቃለን። ዓይን ግን ዝግ ዕቃ ነው፤ የሚፈስበት የለውም። ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። የአብዛኛው ጤነኛ ሰው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ ሲጨምር የሚጎዳው ከዓይን ኋላ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች አሉበት፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ የሞተ ክር አይተካም። (ግፊታቸው ከ21 ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ለእነሱም የሚረዳቸው ግፊቱን ከነበረበት ዝቅ ማድረጉ ነው።)

ግላኮማ ሁለት ዋና ዋና መልክ አለው። አንደኛው ድንገተኛ ነው። አይሪሱ መውጫውን ይዘጋዋል፤ ዓይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ ሰውየው እየጮኸ ሐኪም ዘንድ ይሮጣል። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ማዕዘኑ ክፍት ነው፤ ወንፊቱ ግን በዝግታ ይደነቅፋል። ሕመም የለ፣ መቅላት የለ። እይታው ከዳር ዳር እየተበላ ወደ መሐል ይመጣል። ሰውየው ፊት ለፊቱን ስለሚያይ አይገባውም። በር ሲገጨው፣ መንገድ ሲሻገር ከጎን የመጣ ታክሲ ሲያስደነግጠው ይባንን ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙው ነገር አልቋል።

በርሊን፣ 1857

«ግላኮማ» የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ ቀለምን ያመለክታል። የጥንት ሐኪሞች ስሙን የሰጡት ለታመመው ብሌን ቀለም ነው። ችግሩ በዚህ ስም ብዙ በሽታ አብሮ መጠራቱ ነበር፤ የዓይን ሞራውም፣ ሌላውም፣ ሌላውም። በ1705 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሪሶ የሞተ ሰው ዓይን ከፍቶ የዓይን ሞራ ማለት የደፈረሰ የዓይን ሌንስ መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ሁለቱን በሽታ በወጉ የሚለያቸው አልነበረም።

ፍንጭ ግን ጠፍቶ አያውቅም። እንግሊዛዊው የዓይን አካሚ ሪቻርድ ባኒስተር በ1622 አንዳንድ የታወረ ዓይን ሲነካ እንደሚጠነክርና ይህ ክፉ ምልክት እንደሆነ ጽፏል። የግላስጎው ዊልያም ማኬንዚ በ1830 ያንኑ ጥንካሬ አንስቶ ዓይንን ወግቶ ፈሳሽ ማውጣትን ሐሳብ አድርጎ አቅርቧል። ይሁን እንጂ ለብዙኃኑ ሐኪም ግላኮማ ማለት «አዝናለሁ» የሚባልበት በሽታ ነበር።

ሁለት ነገር ይህን ቀየረ። የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ በ1851 ኦፍታልሞስኮፕ ያስተዋወቀው በሕይወት ያለ ሰው የዓይን ውስጥ እንዲታይ ነው። ሁለተኛው ሰው ነው፤ አልብሬሽት ፎን ግሬፈ። በ1828 የተወለደው ይህ የበርሊን ሐኪም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ እስከ ዛሬ የሚታተም የዓይን ሕክምና መጽሔት አቋቋመ። ያንን አዲስ መሣሪያ አንስቶ የግላኮማ ሕመምተኞችን ነርቭ ሲመለከት ግን ተሳሳተ። የነርቩ ራስ ወደ ፊት ያበጠ መሰለው። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ታወቀ፤ አላበጠም፣ እንደ ስኒ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ግሬፈ ምን አደረገ? የጻፈውን በአደባባይ አረመ። ስሙ የገነነ ወጣት ሐኪም በሠላሳ ዓመቱ ዋዜማ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ማተሙ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬም የዓይን ሐኪም ግላኮማን የሚፈልገው የዚያን ስኒ መጠን አይቶ ነው።

ከዚያ ቀዶ ሕክምናው መጣ። ግሬፈ ለሌላ የዓይን በሽታ ከአይሪስ ትንሽ ቆርጦ ሲያወጣ ዓይኑ እንደሚለሰልስ አስተውሎ ነበር። ይህን ቆረጣ በድንገተኛው ግላኮማ ላይ ሞከረውና በ1857 ውጤቱን አሳተመ። ያ በሕመም የሚጮኽ ሰው ጸጥ አለ፣ ዓይኑ ለሰለሰ፣ እይታው ተረፈ። ከዚያ በፊት ለማይመለስ ጨለማ የተዳረገ ሰው በጥቂት ደቂቃ ቆረጣ ማየቱን ቀጠለ። ለዓይን ሕክምና ይህ ዓመት የዘመን መለወጫ ነው ብንል አልተጋነነም።

አስገራሚው ነገር ግሬፈ ቆረጣው ለምን እንደሚሠራ በትክክል አለማወቁ ነው። የእሱ ግምት ዓይን ውስጥ ያለው እብጠትና የበዛ ምንጭ ይቀንሳል የሚል ነበር። ትክክለኛውን ምክንያት ለማስረዳት ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከራን በ1920 እንዳስረዳው ፈሳሹ ከአይሪስ ኋላ ይታሰርና አይሪሱን ወደ ፊት ገፍቶ መውጫውን ያስዘጋዋል፤ አይሪሱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ግን ፈሳሹ በአቋራጭ ያልፋል። ዛሬ ይህን ቀዳዳ ሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍተዋል።

ጄምስ ጆይስን ለምታነቡ በሙሉ፦ ደራሲው በ1917 ዙሪክ ሳለ ግላኮማ ሲይዘው የተደረገለት ይኸው የአይሪስ ቆረጣ ነው። ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ ዓይኑን ተቀድዷል። «ዩሊሲስ» የተጻፈው እንዲህ ባለ ዓይን ነው።

ግሬፈ ራሱ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በ1870 በ42 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ያልፈታው ችግር ደግሞ ትልቁ ነበር። ቆረጣው ድንገተኛውን ያድናል፤ ዝምተኛውን ግን አያድንም።

ባቄላው

እዚህ ላይ ቢላውን ለአፍታ እናስቀምጥና ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር። በዛሬዋ ናይጄሪያ በካላባር አካባቢ የሚኖሩ ኤፊኮች የወንጀል ክርክር የሚዳኙበት አንድ መርዛም ባቄላ ነበራቸው። ተከሳሽ ይጠጣል። ካስመለሰው ንጹሕ ነው፤ ከሞተ ወንጀለኛ ነበር። ስኮትላንዳውያን ሚሲዮናውያን ባቄላውን ወደ ኤድንብራ ላኩት። እዚያ ቶማስ ፍሬዘር ባቄላው ብሌንን እንደሚያጠብ አስተዋለ፤ ዳግላስ አርጋይል ሮበርትሰን በ1863 በራሱ ዓይን ላይ ሞከረው።

በ1876 ሉድቪግ ላከር የተባለ የዓይን ሐኪም ከዚሁ ባቄላ የተገኘው ፊዞስቲግሚን የግላኮማ ግፊት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ላከር ራሱ የግላኮማ ሕመምተኛ ነበር። በዓመቱ ደግሞ አዶልፍ ቬበር ከደቡብ አሜሪካ ቅጠል የተገኘውን ፒሎካርፒን አከለበት። የግላኮማ ጠብታ ዘመን የተጀመረው እንዲህ ነው። የባቄላውን ጠባይ ለዘመናት የሚያውቁት የካላባር አዋቂዎች ስም ግን በሕክምና ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ከስኮትላንዳውያኑ ስም ጎን አይገኝም። ይህን በቅንፍ አስቀምጠን እንለፍ።

ባቄላውን ያነሣነው በምክንያት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግላኮማ ታሪክ የቢላና የጠብታ ፉክክር ሆኗል። ጥሩ ጠብታ ሲመጣ ቢላው ይሸሻል። ጠብታው ሲያቅተው ቢላው ይመለሳል። በ1978 ቲሞሎል በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ በ1996 ላታኖፕሮስት ሲከተል ቢላው ሁለት ጊዜ አፈግፍጓል። ጠብታ ግን ሰው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ምንም ሳያመው የሚገዛው ነገር ነው። ለማን ኪስ? ወደዚህ እንመለሳለን።

ያልገጠመ ጠባሳ

ዝምተኛውን ግላኮማ የሚፈታው ሐሳብ የመጣው ካልተሳካ ሥራ ነው። አይሪስ ከተቆረጠላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ቁስላቸው በደንብ አልገጠመም። ፈሳሹ በጠባሳው በኩል እየሾለከ ከዓይን ነጭ በላይ ባለው ስስ ሽፋን ሥር ይጠራቀም ነበር። የዓይናቸው ግፊት ደግሞ ዝቅ ብሎ ቀረ! በፓሪስ ይሠራ የነበረው ሉዊ ደ ቬከር ነገሩን ገለበጠው፤ ጉድለት የተባለው ሹለካ ራሱ መድኃኒት ከሆነስ? «የሚያጣራ ጠባሳ» የሚለው አስተሳሰብ የተወለደው እዚህ ነው። የተደፈነውን ወንፊት መጠገን ካልቻልን አዲስ መውጫ እንክፈት፤ መውጫው ግን እንዳይደፈን።

በነገራችን ላይ እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ቆረጣዎች የተደረጉት ለዓይን የሚሆን ማደንዘዣ ጠብታ ሳይኖር ነው። ወጣቱ ካርል ኮለር በ1884 ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አገኘ። ግኝቱ በሃይደልበርግ ጉባኤ ሲነበብ ግን ኮለር አልነበረም፤ የጉዞ ገንዘብ ስላልነበረው ሌላ ሰው አነበበለት። ገንዘብ ያጣ ተመራማሪ የእኛ ሀገር ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ቀዳዳ ቀጂዎቹ በዙ። ፊሊክስ ላግራንዥ በቦርዶ፣ ሶረን ሆልት በኖርዌይ፣ ሮበርት ሄንሪ ኤልየት በማድራስ (በዛሬዋ ቼናይ)። ኤልየት የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት የሕክምና መኮንን ሆኖ የማድራስን የዓይን ሆስፒታል ይመራ ነበር። በ1909 ይፋ ያደረገው ዘዴ ቀላል ነው፤ በትንሽ ክብ መሰርሰሪያ ኮርኒያና ነጩ የዓይን ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ክብ ቀዳዳ መብሳት። ዘዴው ዓለምን አዳረሰ። (ኤልየት ጡረታ ወጥቶ ሎንዶን ከገባ በኋላ የአስማተኞች ማኅበር የምርመራ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኖ፣ ገመድ ወደ ሰማይ ወርውሮ ይወጣል የሚባለውን የሕንድ ትርኢት በአደባባይ ላሳየ ሽልማት እስከማቅረብ ደርሷል። ሽልማቱን የወሰደ አልተገኘም።)

ነገር ግን ክፍት ቀዳዳ ክፍት ነው። ፈሳሹ ከመጠን በላይ ሲወጣ ዓይን እንደ ተነፈሰ ኳስ ይሟሽሻል። ከላይ ያለው ሽፋን ከዓመታት በኋላ ሲሳሳ ጀርም ይገባበትና በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኑን ያጠፋዋል። ሌሎች ደግሞ በቀዳዳው ውስጥ ክር በመተው እንዳይደፈን ሞክረዋል፤ በ1906 አካባቢ የፈረስ ጭራ ጸጉር፣ በ1912 የሐር ክር። ሰውነት ግን እንግዳ ነገር አይወድም። ጠባሳው እየመጣ ክሩን ከበበው።

ለሕፃናት የተገኘው መፍትሔ የተሻለ ነበር። አንዳንድ ሕፃን ወንፊቱ በወጉ ሳይሠራ ይወለዳል። የሕፃን ዓይን ለስላሳ ስለሆነ በግፊቱ ይለጠጥና ይተልቃል። የሳን ፍራንሲስኮው ኦቶ ባርካን በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ያንን ማዕዘን በመነጽር እያየ በቀጭን ቢላ ከውስጥ የመክፈት ዘዴ አዳበረ፤ ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ዕውር ይሆኑ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ዘንድ ዓይነ ትልቅ ሕፃን ሲወለድ ዘመድ ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። ትልቅ ዓይን ውበት ነው፤ አንከራከርም። ትልቅ ሆኖ የሚያለቅስ፣ ብርሃን ሲያይ የሚጨፈን፣ ጥቁሩ ክፍል ደብዘዝ ያለ ከሆነ ግን ከውበት ዘፈን በፊት የዓይን ሐኪም መቅደም አለበት። በቀናት የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

ካምብሪጅ፣ 1968

ለአዋቂዎች ለውጡን ያመጣው ጆን ኬርንስ የተባለ የካምብሪጅ ሐኪም ነው። በ1968 ያሳተመው ዘዴ ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል። ሐሳቡ በአንድ ቃል «መክደኛ» ነው። ነጩ የዓይን ግድግዳ እስከ መሐሉ ተሰንጥቆ እንደ ትንሽ የመጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ከገጹ ሥር ቀዳዳው ይከፈታል። ከዚያ ገጹ ተመልሶ በስስ ክር ላላ ተደርጎ ይሰፋል። ፈሳሹ ይወጣል፤ ግን እንደ ኤልየት ቀዳዳ እየዘለለ ሳይሆን በገጹ ጠርዝ እየጠነፈፈ። ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ትንሽ ውኃ ያዘለች ጉብታ ትፈጠራለች፤ ሐኪሞች «ብሌብ» ይሏታል።

አሁንም ያው ታሪክ ተደገመ። ኬርንስ ያሰበው ፈሳሹ በተቆረጠው የሽሌም ቦይ ጫፍ በኩል ተመልሶ ወደ ተፈጥሮ መንገዱ እንዲገባ ነበር። ብሌብ እንድትፈጠር አላሰበም። በኋላ ሲታይ ግን ቀዶ ሕክምናው በደንብ የሠራላቸው ብሌብ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እንደ ግሬፈ ሁሉ ኬርንስም በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ነገር ሠራ። ዘዴው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ዋና መለኪያ ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው።

ጠላት የሆነው መዳን

የቀረው ጠላት አንድ ነው፤ ጠባሳ። ሰውነታችን ቁስል ሲያይ ይደፍናል፤ የተፈጠረበት ሥራው ነው። ወጣት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይተጋል። በአፍሪካውያን ዘር ሰዎች ላይ ጠባሳው እንደሚጠነክርና ቀዳዳው ቶሎ እንደሚደፈን ሐኪሞች ደጋግመው አስተውለዋል። በሽታው ራሱም አያዳላም ማለት አይቻልም፤ በ1991 የታተመው የባልቲሞር ጥናት ዝምተኛው ግላኮማ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ አራትና አምስት እጥፍ በዝቶ አግኝቶታል። በሽታው የሚበዛበት ሰው ላይ ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ ይቸገራል ማለት ነው።

ለዚህ የተገኘው መልስ ከካንሰር ሕክምና የተበደረ ነው። በጃፓን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ማይቶማይሲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ፤ የሕዋሶችን መራባት ይገታል። በ1983 ቼን የተባሉ የታይዋን ሐኪም በግላኮማ ቀዶ ሕክምና ላይ መጠቀማቸውን አስታወቁ። ትንሽ ስፖንጅ በመድኃኒቱ ተነክሮ ቁስሉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥና በብዙ ውኃ ይታጠባል። ጠባሳ ሠሪዎቹ ሕዋሶች ይዳከማሉ፤ ቀዳዳው ዕድሜ ያገኛል። አደጋም አለው። በዛ ካለ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል። የግላኮማ ሐኪም በሁለት ገደል መካከል የሚሄድ ሰው ነው፤ ቁስሉ ከሻረ ግፊቱ ይመለሳል፣ ጨርሶ ካልሻረ ዓይኑ ይሟሽሻል።

ከአፍሪካ የመጣ ሌላ መልስም አለ። ደቡብ አፍሪካዊው አንቶኒ ሞልቴኖ በ1969 ያቀረበው መሣሪያ ቀጭን ቱቦና ከእሱ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሳህን ነው። ቱቦው ጫፉን ዓይን ውስጥ ያስገባል፤ ሳህኑ ከውጭ፣ ከዓይን ሽፋን ሥር ተወሽቆ ይሰፋል። ጠባሳው ይመጣል፤ ይምጣ። ሳህኑን ሲከብብ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ክፍል ራሱ ጠባሳው ይሠራል። ሞልቴኖ ጠላቱን ተቀጣሪ አደረገው። በ1993 አህመድ የሚባለው ባለ ቫልቭ መሣሪያ ተከተለ። በ2013 ደግሞ የደቡብ ሕንዷ ማዱራይ ከተማ ኦሮላብ የተባለ አምራች ዋጋው የቀነሰ ቱቦ ለገበያ አቀረበ። ይህ ከፈጠራ ያልተናነሰ ነገር ነው፤ የማይገዛ መፍትሔ ለድሃ ሀገር ገና ያልተፈጠረ መፍትሔ ነውና።

እኛ ሰፈር

አሁን ወደ ቤታችን። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር መሆኑን አገኘ። ከምክንያቶቹ የዓይን ሞራ 49.9 በመቶ፣ ትራኮማ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። 5.2 ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ልዩነቱ ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። በዓይን ሞራ የታወረ ሰው ተቀድዶ ማየት ይችላል። በግላኮማ የታወረ ሰው የትም ቢሄድ፣ ምንም ቢከፍል አይመለስለትም። ከዚያ 5.2 በመቶ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በጊዜው ሊደረስለት ይችል የነበረ ሰው ነው።

ለምን አይደረስለትም? ከመካከላችን ሽማግሌ ዘመድ ይዞ የዓይን ክሊኒክ የተሰለፈ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ይሄ አያምም። አንዱ ዓይን ሲጠፋ ሌላው ይሸፍንለታል። ጠበሉንም ሞክሮ፣ መነጽርም ቀይሮ የሚደርሰው ነርቩ ካለቀ በኋላ ነው። ሐኪሙም የሚለው ነገር አያረካም፦ «አባባ፣ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማትረፍ እንቀድዎት።» ሽማግሌው የሰሙት ጎረቤታቸው የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ፋሻው ሲፈታ ልጃቸውን አይተው እንዳለቀሱ ነው። እሳቸው ተቀድደው ፋሻው ሲፈታ የሚያዩት ያንኑ ትናንት ያዩትን ነው። እንዲያውም ለጥቂት ሳምንት ሊደበዝዝ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው የዓይን ሞራንም ሊያፋጥን ይችላል። «ተቀድዶ ባሰበት» የሚል ወሬ መንደሩን ይዞራል። ቀጣዩ ሕመምተኛ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከዓይን ሕክምና ያለፈ ይመስለናል። የተመለሰ ብርሃን በቴሌቪዥን ይታያል፤ ፋሻ ሲፈታ፣ እልልታ ሲቀልጥ። ያልጠፋ ብርሃን ግን ምስል የለውም። ማንም ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ «ዛሬ ዕውር አልሆንኩም» ብሎ ድግስ አይደግስም። የዓይን ሞራ ዘመቻ ይገባዋል፤ ይብዛልን። ነገር ግን እንደ ሕዝብ የጠፋውን ለሚመልስ እያጨበጨብን እንዳይጠፋ የሚጠብቀውን መርሳት ልማዳችን ሆኗል። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ድልድዩ እንዳይፈርስ ቦዩን ለሚጠርገው ሰው ሪባን የለም። የግላኮማ ሐኪም ቦይ ጠራጊ ነው።

ስለ ኪስ እንመለሳለን ብለን ነበር። በታንዛኒያ፣ ሞሺ ላይ የተካሄደና በ2021 የታተመ ጥናት ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለ፤ ለገሚሱ ቲሞሎል ጠብታ፣ ለገሚሱ ወንፊቱን የሚያነቃቃ ሌዘር። ከዓመት በኋላ ሌዘሩ በ61 በመቶ ዓይኖች ላይ ተሳክቶ ተገኘ፤ ጠብታው በ31 በመቶ። ምክንያቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ጠብታ ያልቃል፣ ከፋርማሲ ይጠፋል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ይረሳል። ሌዘር ተተኩሶ ቤቱ የሚገባ ሰው ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ከዚህ ነጻ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለለንደን የተቀመረ የሕክምና ቅደም ተከተል ለሞሺም ለደብረ ብርሃንም እንዳለ አይቀዳም። ዕድሜ ልክ ጠብታ መግዛት ለማይችል ሰው ሌዘሩም ቀዶ ሕክምናውም የመጨረሻ አማራጭ ተደርገው መቀመጥ የለባቸውም። ማሽኑና እጁ የተካነ ሐኪም ግን ከአዲስ አበባ ውጭም መገኘት አለበት።

እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። ግላኮማ በዘር ይሄዳል። እናቱ ወይም ወንድሙ የያዘው ሰው በወጣትነቱም ቢሆን መታየት አለበት፤ አርባን ያለፈ ሁሉም እንዲሁ። ምርመራው አያምም። ግፊቱ ይለካል፣ ያቺ ግሬፈ የተሳሳተባት ስኒ ትታያለች፣ የዳር እይታ ይፈተሻል። መነጽር ሻጭ ዘንድ ፊደል አንብቦ መውጣት ምርመራ አይደለም፤ የግላኮማ ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው አካባቢ ትንሿን ፊደል አጥርቶ ሊያነብ ይችላል። ጠብታ የታዘዘለት ዘመድ ካለን ደግሞ «ዛሬ ጨመርክ ወይ?» ማለት የስልክ ጥሪ ዋጋ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተባለም ጥያቄው «ያይልኛል ወይ?» ሳይሆን «የቀረኝ ይቆይልኛል ወይ?» እንደሆነ ቀድመን እንንገረው። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ፋሻው ሲፈታ አያዝንም።

አያቶቻችን ይህን ሁሉ በስድስት ቃል እንኳ ሳይሞላ ጨርሰውታል፦ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

ቸር ያሰንብተን።